ኦዲዮሞዝ በሐሩር እርጥብ ደን፦ ምን ይሰማል፣ ምን ያመልጠዋል

ከሰማይ ሲታዩ፣ አውሬና ወፍ የሞላበት ደንና አዳኝ የጨረሰው ደን ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ሳተላይት የወደቀ ዛፍ ይቆጥራል። በ2024 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 6.7 ሚሊዮን ሄክታር ጥንታዊ የሐሩር ደን መጥፋቱ የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ዛፉ ቆሞ ውስጡ ባዶ የቀረውን ደን ግን ሳተላይት አያየውም። ጠመንጃ ጦጣውንና ትልልቁን ፍሬ በል ወፍ ሲጨርስ፣ ፈንገስ የጅረቱን እንቁራሪት ሲፈጅ፣ ከላይ አንድ ቅጠል እንኳ አይጠወልግም። ይህን ለማወቅ ደኑ ውስጥ ጆሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ኦዲዮሞዝ የተባለው ትንሽ ድምፅ መቅጃ የሚገመገመው በዚህ ሚዛን ነው።

ፍርዳችንን አናዘግይ፤ መሣሪያው ጥሩ ነው። ባትሪ ይቆጥባል፣ ከእንቁራሪት እስከ ሌሊት ወፍ ያለውን ድምፅ አንድ ሰሌዳ ይይዛል፣ ንድፉም ሶፍትዌሩም ለሁሉም ክፍት ነው። ከእርጥበት ጋር የሚደረገውን ትግል ግን ለተጠቃሚው ትቶለታል። በሐሩር ደን ውስጥ ደግሞ ሥራው በአብዛኛው የሚበላሸው በእርጥበት ነው።

መሣሪያው

በሳውዝሃምፕተንና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ ተመራማሪዎች የሠሩት ኦዲዮሞዝ 58 በ48 ሚሊሜትር የሆነ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ጀርባው ላይ ሦስት ዱብል ኤ የባትሪ ድንጋይ ይገባል፤ ጠርዙ ላይ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ይሰካል። ከዚያ ሌላ ያለው ዩኤስቢ መሰኪያ፣ ሦስት ቦታ ያለው ማብሪያ፣ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ መብራት፣ እንዲሁም ከመርፌ ቀዳዳ ብዙም በማይሰፋ ቀዳዳ የሚሰማ ማይክሮፎን ነው። ስክሪን የለውም። ኢንተርኔትም የለውም፤ የቀዳውን ለማግኘት ደኑ ድረስ ሄዶ ካርዱን ማውጣት ግድ ነው።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ካርድና ባትሪ ታስገባላችሁ፣ ማብሪያውን ዩኤስቢ የሚለው ቦታ ላይ አድርጋችሁ ከኮምፒውተር ጋር ታገናኛላችሁ፣ ነፃውን የማስተካከያ ፕሮግራም ከፍታችሁ የመቅጃውን ፍጥነት፣ የድምፅ ማጉያውን ደረጃ (አምስት ደረጃ አለው)፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቀዳ፣ ስንት ሰከንድ ቀድቶ ስንት ሰከንድ እንደሚተኛ ትሞላላችሁ። የማስተካከያውን ቁልፍ ስትጫኑ የመሣሪያው ሰዓትም ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይስተካከላል። ደኑ ውስጥ ማብሪያውን ከስተም ወደሚለው ቦታ ማዞር ብቻ ይቀራል። ቀይ መብራት ብልጭ ሲል እየቀዳ ነው፤ አረንጓዴው ሲል ተራውን እየጠበቀ ነው። መብራቱን ፕሮግራሙ ላይ ማጥፋት ይቻላል፤ ሰርቆ አዳኝ በሚመላለስበት ቦታ ማጥፋቱ ይሻላል። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ቀዩን በዓይናችሁ እዩት። ካርዱ ተበላሽቶ ምንም ያልቀዳ መሣሪያ ከሁለት ወር በኋላ መሰብሰብ ያሳዝናል።

ካርዱና ቁጥሩ

አንድ መቅጃ በትክክል የሚይዘው፣ በሰከንድ ድምፁን ከሚለካበት ቁጥር ግማሽ ጊዜ ድረስ የሚርገበገበውን ድምፅ ነው። ኦዲዮሞዝ በሰከንድ ከ8,000 እስከ 384,000 ጊዜ መለካት ይችላል። ለወፍና ለእንቁራሪት 48 ኪሎሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 48,000 ልኬት፣ በቂ ነው፤ እስከ 24 ኪሎሄርዝ ያለውን ይይዛልና። ብዙዎቹ የሌሊት ወፎች ከ20 እስከ 120 ኪሎሄርዝ ስለሚጮኹ 192 ወይም 384 ይፈልጋሉ። ለተኩስና ለሞተር መጋዝ ደግሞ 8 ኪሎሄርዝ ይበቃል።

ልዩነቱ ካርዱ ላይ ይታያል። ፋይሉ ዋቭ የተባለው ያልታመቀ የድምፅ ፋይል ዓይነት ሆኖ እያንዳንዱ ልኬት ሁለት ባይት ይወስዳል። በ48 ኪሎሄርዝ አንድ ደቂቃ 5.76 ሜጋባይት ነው። ከየአምስት ደቂቃው አንዷን ደቂቃ ሌት ተቀን ብትቀዱ በቀን 288 ደቂቃ፣ ማለትም 1.66 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ 64 ጊጋባይት ካርድ 38 ቀን ያህል ይዘልቃል። በ8 ኪሎሄርዝ ያለ እረፍት ብትቀዱ በቀን 1.4 ጊጋባይት ያህል ነው። በ384 ኪሎሄርዝ ግን አንዷ ደቂቃ 46 ሜጋባይት ትወስዳለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት መተው ካርዱንም ባትሪውንም በጥቂት ቀናት መጨረስ ነው። «ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንቅዳ» የሚለው ምኞት ሥራውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለሌሊት ወፍ ሌላ መሣሪያ፣ ለተኩስ ሌላ መሣሪያ ይመደብ።

ድምፁ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብቻ የሚቀዳበት አማራጭም አለው። በጸጥተኛ አገር ጠቃሚ ነው። በሐሩር ደን ውስጥ ግን ማታ ማታ ሲካዳ የተባሉት ነፍሳት ከዛፉ ሁሉ በአንድ ላይ ሲጮኹ፣ ወይም ዝናቡ ቅጠሉን ሲደበድብ፣ ገደቡ ሳይዘጋ ያመሻል፤ ካርዱን ነፍሳትና ውኃ ይሞሉታል። ለወፍና ለእንቁራሪት ሥራ አንመክረውም። በየጊዜው የሚቀዳ መርሐ ግብር ይሻላል፤ ዛሬን ከዓመት በኋላ ለማነጻጸር የሚያስችለውም እሱ ነው።

ጠመንጃና መጋዝ

መሣሪያው ዋጋውን የሚያስመሰክረው እዚህ ላይ ነው። የቀዳውን እንደ ኦዳሲቲ ባለ ነፃ ፕሮግራም ከፍታችሁ በድምፅ ሥዕል፣ ማለትም በስፔክትሮግራም ብትመለከቱ፣ ተኩስ ከታች ወደ ላይ የቆመ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል፤ ከኋላው ጅራት አለው። ጅራቱ ከዛፍ ዛፍ፣ ከተራራ ተራራ የተመለሰው ማሚቶ ነው። የደረቀ ቅርንጫፍ ሲሰበርም መስመሩ ይቆማል፣ ግን ጅራቱ አጭር ነው ወይም የለም። ዛፍ ሲወድቅ ደግሞ መጀመሪያ ስንጥቅጥቅታ፣ ቀጥሎ እየወፈረ የሚሄድ ጉርምርምታ ይመጣል። ኮምፒውተር እነዚህን ሦስቱን ደጋግሞ ያምታታቸዋል፤ ሪፖርት ከመጻፉ በፊት እያንዳንዱን ተኩስ ሰው በጆሮው ይስማው።

የሞተር መጋዝ ፈጽሞ ሌላ ነው። አንድ ሲሊንደር ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ይተኩሳል፤ በደቂቃ 9,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 150 ጊዜ ማለት ነው። ሥዕሉ ላይ በ150 ሄርዝ አንድ አግድም መስመር፣ ከዚያ በላይ በ300፣ በ450፣ በ600 እየተደረደሩ የሚሄዱ መስመሮች ይታያሉ። ሰንሰለቱ ግንዱን ሲነክስ ሞተሩ ይከብደውና መስመሮቹ ሁሉ በአንድ ላይ ወደ ታች ይሰግዳሉ፤ ሲለቅ መልሰው ይወጣሉ። ዝቅ ያሉበትን ጊዜ ብትለኩ ግንዱን ለመቁረጥ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ታውቃላችሁ። ሞተር ብስክሌት ግን እየቀረበ ስለሚሄድና ስለሚርቅ ድምፁ ከመጋዙ ይለያል።

ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ቅጠልና እርጥብ አየር ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ ቀድመው ይበሉታል። ስለዚህ መጋዝና ተኩስ ከሩቅ ሲሰሙ፣ የትንሽ ወፍ ፉጨት ከመቶ ሜትር በላይ ላይደርስ ይችላል። ከሸለቆ ውስጥ የተሰቀለ መቅጃ ከኮረብታው ማዶ ያለውን አይሰማም። የመቅጃውን የመስማት ክልል በቦታው መለካት ግዴታ ነው፦ አንድ ሰው የታወቀ ድምፅ የሚያወጣ ድምፅ ማጉያ ይዞ በ50 ሜትር፣ በ100፣ በ200፣ በ400 ሜትር እየቆመ ያሰማ፤ የጠፋበትን ቦታ መዝግቡ። ይህን ያልለካ ሰው «ተኩስ የለም» ሲል፣ የለም ማለቱ ነው ወይስ አልተሰማም ማለቱ ነው?

የማይሰማው

የሽቦ ወጥመድ ድምፅ የለውም። ይህ የመሣሪያው ትልቁ ክፍተት ነው፤ ሻጮች አያነሱትም፣ ገዢዎችም ይረሱታል። የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ በ2020 ባወጣው ግምት፣ በካምቦዲያ፣ በላኦስና በቬትናም ጥብቅ ቦታዎች ውስጥ ብቻ 12.3 ሚሊዮን ወጥመድ ተዘርግቷል። በእንዲህ ዓይነት ደን ተኩስ መጥፋቱ አደን ቀርቷል ማለት አይደለም፤ አዳኙ ከጠመንጃ ወደ ሽቦ ዞሮ ይሆናል። በእግር የሚፈትሽ ጠባቂ ያስፈልጋል፤ መሬት ለመሬት ለሚሄደው ጸጥተኛ አውሬ ደግሞ ራሱን የሚያነሳ ካሜራ።

የደን ዝሆንም ያስቸግራል። ከ2002 እስከ 2011 ድረስ ቁጥሩ 62 በመቶ የቀነሰው ይህ እንስሳ ከ2021 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ የቀረበ ተብሎ ተመዝግቧል። ዝሆኖች በሩቅ የሚነጋገሩበት ጉርምርምታ መሠረቱ ከ20 ሄርዝ በታች ይወርዳል፤ የኦዲዮሞዝ ትንሽ ማይክሮፎን እዚያ ድረስ በደንብ አይወርድም። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ጀምሮ የመካከለኛው አፍሪካን ዝሆኖች የሚያዳምጠው ፕሮጀክት ለዝቅተኛ ድምፅ የሚመቹ ሌሎች መቅጃዎችን ይጠቀማል። ዋናው ዓላማችሁ ዝሆን ከሆነ ይህን አትግዙ።

የቀደመውን የማያስታውስ መቅጃ ደግሞ ዝምታን ሊተረጉም አይችልም። የኪትሪድ ፈንገስ በሽታን እንውሰድ። በ2019 የወጣ ጥናት ቢያንስ 501 የእንቁራሪትና መሰል ዝርያዎች በበሽታው ምክንያት መመናመናቸውን፣ ከእነዚህ 90ዎቹ ጨርሰው ሳይጠፉ እንዳልቀረ ገልጿል። በሽታው በተለይ ቀዝቀዝ ባሉ የተራራ ጅረቶች ዳር ይጸናል፤ ሲገባ ጅረቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ጸጥ ይላል። ጸጥታው ግን ትርጉም የሚኖረው ከዚያ በፊት በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዝናብ በኋላ ምን ይጮህ እንደነበር ከተቀዳ ነው። በበጋ የተቀዳን ጅረት ከክረምት ጋር ማነጻጸር ከንቱ ነው፤ አብዛኞቹ እንቁራሪቶች የሚጮኹት ሲዘንብ ነውና። የሚጮኹትም በአብዛኛው ወንዶቹ ናቸው። መቶ ጥሪ መቶ እንቁራሪት አይደለም፤ አንድ ያልሰለቸ ወንድም ሊሆን ይችላል።

እርጥበት

ባዶውን ሰሌዳ ገዝቶ በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ከትቶ መስቀል የተለመደ ነው። ለሁለት ሳምንት ይሠራል። ችግሩ ሦስት ነው። ፕላስቲኩ ቀጭኑን ድምፅ ያፍናል፤ ጠብታ ሲያርፍበት እንደ ከበሮ ይመታል፤ ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ የተዘጋው እንፋሎት ጤዛ ሆኖ ማይክሮፎኑ ላይ ይቀመጣል። አምራቾቹ ያወጡት ጠንካራ ሳጥን ድምፅ አሳልፎ ውኃ የሚከለክል ስስ ሽፋን ስላለው ብዙ ይሻላል። ለሐሩር ደን ሳጥኑን ያለ ድርድር ከሰሌዳው ጋር አብራችሁ ግዙ።

ሳጥኑም ቢሆን በራሱ አያድንም። በዝናብ መካከል ከፍታችሁ ባትሪ ከቀየራችሁ እርጥቡን አየር አብራችሁ ትዘጉበታላችሁ። ካርድና ባትሪ በደረቅ ቦታ፣ ድንኳን ውስጥ ቢሆን፣ ይቀየር፤ በተቻለ መጠን የተዘጋጀ ሌላ ሳጥን ይዞ ሄዶ መለዋወጥ ከሁሉ ይሻላል። እርጥበት የሚመጥ ትንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢት አስገቡበት፤ ቀለም የሚቀይረው ዓይነት መቼ እንደጠገበ ይነግራል፣ ሲደርቅም ተመልሶ ይሠራል። የጎማውን ማሸጊያ ዙሪያ በጣታችሁ ዳስሱት፦ አንድ ፀጉር ወይም አንድ የአሸዋ ቅንጣት ውኃ ለማስገባት ይበቃል። ተራው አልካላይን ባትሪ ሲያልቅ ፈሳሽ ያወጣና መያዣውን ያዝጋል፤ ለረጅም ጊዜ ሊቲየሙ ይሻላል። የሚሞላውን ከተጠቀማችሁ እያንዳንዱ 1.2 ቮልት ብቻ ስለሆነ የቀረውን የባትሪ መጠን በትክክል እንዲያሳይ ፕሮግራሙ ላይ የተዘጋጀለትን ምርጫ አብሩ።

ማይክሮፎኑ አይሞትም፤ ቀስ እያለ ይደነቁራል፣ ይህ ደግሞ የባሰ ነው። ስስ ሽፋኑ ላይ ሻጋታ ወይም ጭቃ ሲያርፍ ቀረጻው ይቀጥላል፣ ከ8 ኪሎሄርዝ በላይ ያለው ግን እየደበዘዘ ይሄዳል። ያልጠረጠረ ሰው ቀጭን ድምፅ ያላቸው ወፎች ከደኑ ጠፉ ብሎ ይጽፋል። በየዙሩ አዲስ ወይም ቤት የዋለ አንድ መሣሪያን ከተመላሾቹ ጎን አስቀምጣችሁ አንድ ዓይነት ድምፅ አሰሟቸው፤ የደከመውን ለዩት። ጉንዳንና ምስጥም ሳጥኑ ጀርባ ቤት ይሠራሉ፤ ማሰሪያው የተነካካበትን ቦታ በየጊዜው ማጽዳት ነው።

አሰቃቀል

ወፍራም ግንድ ከጀርባው ያለውን ድምፅ ይጋርዳል። ከ20 ሳንቲሜትር ያነሰ ውፍረት ያለው ዛፍ ምረጡ፣ ከመሬት 1.5 እስከ 2 ሜትር ላይ ስቀሉት፣ ከፊቱ ያለውን ቅጠል አርቁ፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ሳጥኑን የሚፍቅ አንድ ቅጠል የሳምንት ቀረጻ ያበላሻል። ጅረት አጠገብ የውኃው ጩኸት ሁሉንም ይሸፍናል፤ ለጅረት እንቁራሪት ካልሆነ ራቁ። አንዱ ወፍ በሁለት መቅጃ እንዳይቆጠር ለወፍ ሥራ ቢያንስ ከ300 እስከ 500 ሜትር አራርቋቸው።

ከደኑ ጠርዝ ያለው ርቀት ሁልጊዜ ይመዝገብ። በብራዚል ማናውስ አቅራቢያ ከ1979 ጀምሮ የተቆራረጡ ደኖችን የሚከታተለው ጥናት፣ ጠርዝ ላይ ነፋስና ሙቀት ስለሚገባ ትልልቆቹ ዛፎች ከጠርዙ እስከ 300 ሜትር ድረስ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት እንደሚሞቱ አሳይቷል። የጠርዝ ድምፅና የውስጥ ደን ድምፅ አንድ አይደለም፤ መቅጃዎቹን ከጠርዙ ጀምሮ ወደ ውስጥ በመስመር መደርደር ለውጡን ያሳያል።

ባትሪ ከወጣ ሰዓቱ እንደገና መስተካከል አለበት። ደኑ ውስጥ ኮምፒውተር ከሌለ፣ አምራቾቹ ያዘጋጁት የስልክ መተግበሪያ በሚያሰማው የደወል ድምፅ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ብልህ መፍትሔ ነው። ኮምፒውተሮቹ በተለያየ ሰዓት እንዳይሞሏቸው ሁሉንም በዓለም አቀፉ ሰዓት አድርጓቸው። መሣሪያው የራሱን መለያ ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ የባትሪውን ቮልትና የሙቀቱን መጠን በየፋይሉ ራስጌ ይጽፋል። እንዲያም ሆኖ ሰቅላችሁ ስትጨርሱ የቦታውን መለያና ሰዓቱን ጮክ ብላችሁ ወደ ማይክሮፎኑ ተናገሩ። ካርዶች ሲደባለቁ የምታመሰግኑት ያቺን አሥር ሰከንድ ነው። መቅጃው የሰው ወሬም ይይዛል፤ በደኑ ውስጥና ዙሪያ የሚኖሩት ሰዎች ከመሰቀሉ በፊት ሊያውቁና ሊስማሙ ይገባል፤ ሳይታሰብ የተቀዳ ንግግርም ይሰረዝ።

ከተቀዳ በኋላ

ሃያ መቅጃ ለአንድ ወር ቢሰቀል፣ ከላይ ባሰላነው መርሐ ግብር 2,880 ሰዓት ድምፅ ይወጣል። ማንም ተቀምጦ አይሰማውም። በርድኔት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ድምፁን በሦስት በሦስት ሰከንድ ቆርጦ የወፉን ስም ከመተማመኛ ቁጥር ጋር ይሰጣል። ቁጥሩ 0.9 ሆነ ማለት ከአሥር ዘጠኙ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ትርጉሙ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ፕሮግራሙ ለሰሜኑ ዓለም ወፎች የተሻለ ነው፤ ብዙ የሐሩር ዝርያዎች ናሙናቸው አነስተኛ ነው። ከእያንዳንዱ ዝርያ ቢያንስ 50 ውጤት ወፎቹን ለሚያውቅ ሰው አሰምታችሁ የራሳችሁን ገደብ አውጡ። አርቢሞን የተባለው ነፃ የኢንተርኔት መድረክም ራሳችሁ ባዘጋጃችሁት ናሙና ተመሳሳይ ጥሪ ይፈልጋል፤ ለእንቁራሪት የምንመርጠው እሱን ነው።

ከሌሎች ጋር ስናስተያየው፣ ሶንግ ሜትር ሚኒ የተባለው መቅጃ ውኃ በሚከላከል ሳጥን ተዘግቶ ስለሚመጣና በስልክ ስለሚስተካከል ለጀማሪ ይቀላል፤ በብዙ ቁጥር ለመዘርጋት ግን ኦዲዮሞዝ ይመቻል። መጋዙን በዚያው ሰዓት ሰምቶ ጠባቂ መላክ ለሚፈልግ ሁለቱም አይሆኑትም። ለዚያ ሬይንፎረስት ኮኔክሽን የተባለው ድርጅት የሚሠራቸው፣ በፀሐይ ኃይል እየሠሩ ድምፁን ወዲያው የሚልኩት መሣሪያዎች ይሻላሉ፤ የግንኙነት መረብ መኖሩ ግን ቅድመ ሁኔታ ነው። ኦዲዮሞዝ የሚነግራችሁ ያለፈውን ነው፦ ተኩሱ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ሸንተረር እንደሚበዛ። ጠባቂዎች የሚወጡበትን ቀንና መንገድ ለመለወጥ ይህ በቂ ነው።

ካርድ ለመሰብሰብ ከጅረት ወደ ጅረት ስትሻገሩ ጫማችሁ ላይ ያለው ጭቃ ኪትሪድን ሊያሻግር ይችላል። ፈንገሱ ድርቀት አይችልም። ከእያንዳንዱ ጅረት ስትወጡ ጭቃውን በብሩሽ አራግፉ፣ ጫማውን በጀርም ገዳይ ፈሳሽ እጠቡ፣ ከቻላችሁ ለየጅረቱ የተለየ ቦቲ ጫማ ያዙ፤ ካልሆነም ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወደ ቀጣዩ አትግቡ።